ለሕፃን ልጅ መርዶ መንገር፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ሙት ዓመት

በወሎ ለአዋቂ ሰው መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለ። ማን እንደሚናገር አስቀድሞ ይመከራል። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ ጎህ ሲቀድ ይደርሳል። መርዶው የሚነገራት ሴት ነፍሰ ጡር ወይም ልበ ደካማ ከሆነች ደጋፊ ከጎኗ ይቆማል። ተራው የሕፃን ልጅ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይጠፋል። ልጁ ጎረቤት ቤት ይወሰድና ብስኩት ይሰጠዋል፤ ወይም «አባትህ አረብ አገር ሄዷል» ይባላል፤ አለዚያም በድንኳኑ ዙሪያ ሲሯሯጥ የሰማውን ሙሾ ለራሱ እንደመሰለው ይተረጉማል።

መመሪያው የተጻፈው ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ለሆኑ ልጆች መርዶ መናገር ላለባችሁ ነው፤ እናትም ሁኑ አባት፣ አክስትም ሁኑ አያት። ለቅሶው ዛሬ ከሆነና ጊዜ ከሌላችሁ ደረጃ 1ን እና 2ን ብቻ አንብባችሁ ወደ ልጁ ግቡ። የቀረው ለማታ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ ከመናገራችሁ በፊት

1.1 ተናጋሪውን ምረጡ

በሕይወት ያለው ወላጅ መናገር ከቻለ እርሱ ይናገር። እያለቀሰ ቢናገር ምንም ችግር የለውም። ራሱን መሬት ላይ የሚጥል፣ ደረቱን የሚመታ ወይም ፊቱን የሚነጭ ከሆነ ግን ልጁ መርዶውን ትቶ እርሱን መፍራት ይጀምራል። ያን ጊዜ ልጁ በየቀኑ የሚያያት አክስት ወይም አያት ትናገር፤ ወላጁ ከጎን ይቀመጥ። ቄሱም ሼሁም የተከበሩ ናቸው፤ ልጁ በቅርብ የማያውቃቸው ከሆነ ግን ለዚህ ሥራ አይላኩ።

1.2 የሆነውን አረጋግጡ

ወሬው ከጅዳ፣ ከጅቡቲ ወይም ከየመን በስልክ ከመጣ ሁለት ጊዜ ሳታጣሩ ለልጅ «ሞተ» አትበሉ። እስኪጣራ ድረስ ቤቱ መጨነቁን ልጁ ካየ ይህን በሉት፦ «ስለ አባባ ክፉ ወሬ ሰምተናል። እውነት መሆኑን እየጠየቅን ነው። ስናውቅ ወዲያው እንነግርሃለን።» ቃላችሁን ጠብቁ፤ ስታውቁ ወዲያው ንገሩት።

1.3 ሰዓቱንና ቦታውን ወስኑ

መለኪያው አንድ ነው፤ ልጁ ከሌላ ሰው አፍ ከመስማቱ በፊት መነገር አለበት። በገጠር ቀበሌ የቅሬው (የእድሩ) ጥሪ ከተሰማ በኋላ ያላችሁ ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ከሆነ የሚያውቀው ሰው ሄዶ ያምጣው፤ በመንገድ ላይም በትምህርት ቤቱ በር ላይም አይንገረው። ልጁ «ምን ሆነ?» ካለ «ቤት ስንደርስ አክስትህ ትነግርሃለች፤ ከባድ ነገር ነው» ይበለው። «ምንም አልሆነ» ማለት ክልክል ነው።

መርዶው ሌሊት ከመጣና ልጁ ከተኛ አትቀስቅሱት። ጠዋት ቀምሶ ከጨረሰ በኋላ ይነገረው። የሰው ጩኸት ከቀሰቀሰው ግን ሰዓቱ ያው ነው፤ እቅፍ አድርጋችሁ ንገሩት።

ቦታው ጓዳም፣ ጓሮም፣ የጎረቤት ክፍልም ሊሆን ይችላል። ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። ስልካችሁን ዝጉ።

1.4 ቤተሰቡ በአንድ አነጋገር ይስማማ

የወሎ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ሃይማኖት በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል። አንዷ አያት «ሰማይ ቤት ሄደ» ትላለች፤ አጎት «ጀነት ነው» ይላል፤ ሌላው «ተኝቷል» ይላል። አራት ዓመት የሆነው ልጅ ሦስቱን እንደ ሦስት ቦታ ይሰማቸዋል። ከመናገራችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ወስዳችሁ ሁሉም የሚደግመውን ዓረፍተ ነገር ወስኑ፦ «አባባ ሞቷል። ሰውነቱን እንቀብረዋለን። ነፍሱ ፈጣሪ ዘንድ ናት።» በዚህ ቅደም ተከተል። ሞቱና ሰውነቱ ይቅደሙ፤ እምነቱ ይከተል። እምነቱ ብቻውን ቀድሞ ከተነገረ ልጁ መኪና ተሳፍሮ ወደዚያ መሄድ ይፈልጋል።

1.5 ለልጁ ጠባቂ መድቡ

ይህን አትዝለሉት። በለቅሶ ቤት ሴቱ ወደ ወጥ ቤት፣ ወንዱ ወደ ድንኳንና ወደ መቃብር ሥራ ስለሚሰማራ ልጅ የሁሉም ይሆንና የማንም ሳይሆን ይቀራል። መርዶው ከተነገረበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ቀን ሌላ ሥራ የሌለው አንድ አዋቂ ይመደብለት። ጠባቂው ልጁ የሚያውቀው፣ ሐዘኑ የሚነካው ግን ራሱን የማያስተው ሰው ይሁን። የአሥራ ሦስት ዓመት እህቱን አትመድቡ፤ እርሷም ሐዘንተኛ ናት። ጠባቂዋ ንፍሮ እንድትቀቅል ከተጠራች «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ትመልስ።

ደረጃ 2፦ መርዶው

የሚፈጀው ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

1. ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ እጁን ያዙ ወይም ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት።

2. አስጠንቅቁት። «ልጄ፣ በጣም የሚያሳዝን ነገር ልነግርሽ ነው።»

3. በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። «እናትሽ ሞታለች።» ለአዋቂ «አረፈች»፣ «ወደ አኼራ ሄደች» ማለት ጨዋነት ነው፤ ለሕፃን ግን «ሞተች» የሚለው ቃል ይቅደም።

4. ዝም በሉ። ሩብ ደቂቃ ረጅም ይመስላል፤ ታገሡ።

5. ሞት ምን እንደሆነ በሰውነት ቋንቋ አስረዱ። «ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል። አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም። ተመልሶ አይነቃም።» «አይበርደውም» የሚለውን አትርሱ። ማታ ዝናብ ሲዘንብ መቃብር ውስጥ ያለችው እናቱ እንዳትረጥብና እንዳይበርዳት የሚያስብ ልጅ ብዙ ነው፤ ሳይናገር ያስባል።

6. ምክንያቱን እውነት በሆነ በአንድ መስመር ንገሩት። «ጉበቷ በጣም ታምሞ ነበር። ሐኪሞቹ ሞከሩ፤ ማዳን አልቻሉም።» «ታማ ሞተች» ብቻ ካላችሁት ነገ ጉንፋን ሲይዘው ሞቱን ይጠብቃል። ስለዚህ ጨምሩ፦ «አንተን የሚይዝህ ጉንፋን እንደዚያ አይደለም። ብዙ ሰው ይታመማል፤ ይድናል።»

7. ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። በተለይ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ ያሰበውና የተናገረው ነገር ዓለምን የሚለውጥ ይመስለዋል። እኛም ነዳጅ እንጨምርበታለን፤ «ታቃጥለኛለህ»፣ «አንተ ልጅ ትገድለኛለህ» የማትል እናት የትኛዋ ናት? እናቲቱ ስትሞት ልጁ ያን ቃል ያስታውሳል። «ስላስቸገርሃት አልሞተችም። ስለተቆጣሃት አልሞተችም። ያንተ ሥራ አይደለም» በሉት፤ በሚቀጥሉት ቀናትም ድገሙት።

8. ዛሬ ማታ የሚሆነውን ንገሩት። «ዛሬ ከእኔ ጋር ትተኛለህ። ራት እኔ አበላሃለሁ። ሰው ይመጣል፤ ብዙ ያለቅሳል። አክስትህ ካንተ አትለይም።» ትንሽ ልጅ ከመርዶው በኋላ የመጀመሪያው ጭንቀቱ «እኔን ማን ያየኛል?» የሚል ነው። ይህ ራስ ወዳድነት አይደለምና አትቆጡት።

የማይባሉ ነገሮች

«ተኝቷል»፦ ልጁ መተኛት ይፈራል፤ ወይም ቀስቅሱት ብሎ ያለቅሳል።

«እግዚአብሔር ወደደውና ወሰደው»፣ «አላህ ጥሩ ሰው ስለሆነች መረጣት»፦ ለአዋቂ መጽናኛ ነው። ልጅ ግን ጥሩ መሆንን ይፈራል፤ ወይም በፈጣሪ ይቀየማል። በምትኩ «ሁላችንም አዝነናል፤ ፈጣሪ ያበርታን» በሉ።

«አረብ አገር ሄዷል»፣ «አዲስ አበባ ለሥራ ሄደች»፦ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ስለ እርሱ ደረጃ 5 ላይ እመለስበታለሁ።

«አታልቅስ፣ ወንድ ልጅ አይደለህም?» ስለዚህኛው ማብራሪያ አያስፈልግም።

ነገሩ እንዳሰባችሁት ካልሄደ

*ቢስቅ ወይም «እሺ፣ ኳሴን ልጫወት?» ቢል፦* ይጫወት። የልጅ ሐዘን ገባ ወጣ ይላል፤ አሥር ደቂቃ አልቅሶ ግማሽ ቀን ይጫወታል፤ ከዚያ ውኃ ሲጠጣ በድንገት ይመለስበታል። «ይህ ልጅ አልገባውም» ወይም «ልበ ደንዳና ነው» የሚል ዘመድ ካለ አስወጡት።

*«ውሸትሽን ነው» ብሎ ቢመታችሁ፦* እጁን ያዙ፤ አትምቱት። «ውሸት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እውነት ነው» በሉት።

*ጭራሽ ዝም ቢል፦* አትወትውቱት። ከጎኑ ቁጭ በሉ፤ ውኃ ስጡት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ «የነገርኩህ ነገር ምን ነበር?» ብላችሁ በራሱ ቃል እንዲመልስ አድርጉ። ያልገባው ወይም ያጣመመው ነገር በዚህ ጊዜ ይወጣል።

*«አንቺስ ትሞቻለሽ?» ቢል፦* «በፍጹም አልሞትም» አትበሉ፤ ይህ ልትጠብቁት የማትችሉት ቃል ነው። «ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል። እኔ አሁን ጤነኛ ነኝ፤ አንተን እያሳደግሁ ብዙ ጊዜ የምኖር ይመስለኛል። እኔ ባልኖር ደግሞ አክስትህ አለች፣ አያትህ አሉ» በሉ። ስም እየጠራችሁ።

*በማግስቱ «እማዬ መቼ ትመጣለች?» ቢል፦* አልተሳሳታችሁም። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሞት የማይመለስ ነገር መሆኑን ገና አይዝም። በዚያው ቃል፣ በዚያው እርጋታ እንደገና መልሱለት፤ ሃያ ጊዜም ቢሆን። ከስድስትና ከሰባት ዓመት ጀምሮ መመለስ እንደሌለ ይገባዋል፤ ግን ለሽማግሌ ብቻ የሚመጣ ነገር ሊመስለው ይችላል። ዘጠኝና አሥር ዓመት ሲሆነው እንደ አዋቂ ይረዳል፤ ዝርዝሩንም ይጠይቃል፤ ከደበቃችሁት ከጓደኞቹ ይሰማል።

ደረጃ 3፦ ለቅሶ ቤትና ቀብር

ልጁን ከለቅሶው ማሸሽ አለብን ወይ? አይመስለኝም። ለቅሶው በእኛ ዘንድ ለሐዘንተኛ የተሠራ ትልቅ ድጋፍ ነው፤ ልጁም ሐዘንተኛ ነው። የሚጎዳው ሳይነገረውና ያለ ጠባቂ መግባቱ ነው።

3.1 የሚያየውን አስቀድማችሁ ንገሩት

ድንኳን እንደሚተከል፣ ሰው እየጮኸ እንደሚገባ፣ ሴቶች ደረታቸውን ሊመቱ እንደሚችሉ፣ እናቱ ፀጉሯን ልትላጭ፣ ከል ልትለብስ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትለብስ እንደምትችል ንገሩት። «እማማ ፀጉሯን የተቆረጠችው ስላዘነች ነው፤ ያድጋል። አልታመመችም።» ይህን ሳይነገረው እናቱን ተላጭታ ያየ ልጅ እናቱንም ያጣት ይመስለዋል።

በሙስሊም ቤት ባሏ የሞተባት እናት ለ4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ (የባል ሐዘን ጊዜ) ትቀመጣለች። ልጁ «እማ ለምን ገበያ አትወጣም? ለምን አታጌጥም?» ብሎ መጨነቁ አይቀርም። በመጀመሪያው ሳምንት ንገሩት፤ የሚያልቅበት ቀን እንዳለውም ጨምሩ።

3.2 ወደ ቀብር ይሂድ አይሂድ

በሙስሊም ሥርዓት ጀናዛው ሳይዘገይ፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይቀበራል። በክርስቲያኑም ቢሆን ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ ውሳኔው ቶሎ መሆን አለበት። አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ ጠይቁት፦ «አባባ ሲቀበር ማየት ትፈልጋለህ ወይስ እዚህ ከአክስትህ ጋር ትቆያለህ? ሁለቱም ጥሩ ነው።» መልሱን አክብሩ። ካልፈለገ አታስገድዱት፤ አስከሬን እንዲስም፣ አፈር እንዲጥል አትጎትቱት።

የሚሄድ ከሆነ ከመንገዱ በፊት አስረዱት። ለክርስቲያኑ ልጅ፦ ቄሶቹ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ሳጥኑ ይወርዳል፣ አፈር ይመለሳል። ለሙስሊሙ፦ አባባ በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ በቃሬዛ ይወሰዳል፣ ሰው ቆሞ ይሰግድበታል፣ ከዚያ ይቀበራል። አፈሩ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ያስደነግጣልና እርሱንም ንገሩት። ጠባቂው ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ፣ መውጫ ባለበት በኩል ይቁም፤ ልጁ «በቃኝ» ባለ ሰዓት ይመለሱ።

እንደ አካባቢው ልማድ ሴቶችና ልጆች ወደ መቃብር የማይሄዱ ከሆነ ልጁ ቤት ሆኖ የሚያደርገው ነገር ይኑረው፤ ዱዓ ያድርግ፣ ሻማ ያብራ፣ ለለቅሶኛ ውኃ ያቅርብ። በሌላ ቀን ረጋ ሲል ቦታውን አሳዩት። ሙሾውን የሰማ፣ ቃሬዛውን ያየ፣ መቃብሩን ግን ያላየ ልጅ የቀረውን በራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይከፋል።

3.3 ከለቅሶኛ ጠብቁት

ንፍሮ የቀመሰ ሁሉ መካሪ ነው። ከውጭ የመጣ ለቅሶኛ ልጁን ሲያይ አንቆ ይዞ «ወየው ልጄ፣ ማን ያሳድግህ! አባት አልባ ሆንክ!» ብሎ ይጮኻል። በፍቅር ነው የሚለው፤ ግን ልጁ የሚሰማው አሳዳጊ እንደሌለው ነው። ጠባቂዋ ወዲያው ልጁን ትቀበልና ሰዎቹ እየሰሙ «የሚያሳድጉት አሉ፤ እኛ አለን» ትበል። ቀላሉ መንገድ ግን አስቀድሞ የቅሬውን ሰብሳቢ ማነጋገር ነው። ሰብሳቢው ድንኳን ውስጥ «ልጆቹን ይዛችሁ አታልቅሱባቸው፤ እቅፍ አድርጋችሁ ብቻ ሳሟቸው» ብሎ ቢናገር የሚቃወም የለም። የቅሬ ቃል ይከበራል።

ሁለተኛው የሚከለከል ነገር የበኩር ልጅን «ከእንግዲህ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ፤ እናትህን አደራ» ማለት ነው። ስምንት ዓመቱ ነው። ይህን አደራ የተቀበለ ልጅ እናቱ እንዳታዝን ብሎ ማልቀሱን ይተዋል፤ ሌሊት እየተነሣ መተንፈሷን ያዳምጣል። አንድ ሽማግሌ ይህን ካለው በኋላ ካወቃችሁ፣ ማታ ተቀምጣችሁ አደራውን አንሡለት፦ «ጋሼ ያሉህ ስለሚወዱህ ነው። ቤቱን የምንይዘው ግን እኛ ትልልቆቹ ነን። ያንተ ሥራ መማርና መጫወት ነው።»

ደረጃ 4፦ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ለቅሶኛው ይበተናል፤ ልጁ ግን የሞቱን ትርጉም ማወቅ የሚጀምረው ቤቱ ጸጥ ሲል ነው።

*የቀኑን ሥርዓት መልሱ።* በተነሣበት ሰዓት ይነሣ፣ በበላበት ሰዓት ይብላ፣ በተኛበት ሰዓት ይተኛ። ትምህርት ቤት በሳምንት ውስጥ ቢመለስ ጥሩ ነው። ከመመለሱ በፊት ዘመድ ሄዶ የክፍል መምህሩን ያነጋግር፤ ሁለት ነገር ይለምን፦ ልጁን በክፍል ፊት አቁሞ እንዳይናገርለት፤ ማልቀስ ሲመጣበት ወጥቶ እንዲመለስ እንዲፈቀድለት። «አባትህ ምን ሆኖ ሞተ?» ለሚለው የጓደኞቹ ጥያቄ አጭር መልስ አብራችሁ ተለማመዱ፦ «ታሞ ነው። ማውራት አልፈልግም።»

*ወደ ኋላ መመለስን ጠብቁ።* አልጋ ላይ መሽናት ያቆመ ልጅ እንደገና ይሸናል፤ ጣቱን ይጠባል፤ ብቻዬን ሽንት ቤት አልሄድም ይላል፤ ሆዴን አመመኝ ይላል። አትቅጡ፤ አታሳፍሩ። ፍራሹ ላይ ፕላስቲክ አንጥፉ፤ ማታ ፈሳሽ ቀንሱ፤ አብራችሁት ተኙ። ሳምንታት ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል።

*የቀብር ጨዋታን አትከልክሉ።* ልጆቹ አሻንጉሊት ከፍነው ሲያለቅሱ ወይም ጓሮ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ብታዩ «ሟርት ነው!» ብላችሁ አትበትኑ። ያዩትን እየፈጩት ነው። ልታቋርጡ የሚገባው አንዱ ሌላውን የሚያስፈራራ ወይም የሚጎዳ ከሆነ ብቻ ነው።

*ልጁን ከቤቱ አታርቁት።* በእኛ አካባቢ የተለመደው፣ እናት ስትሞት ትንሹን ለአያት ወደ ገጠር፣ ትልቁን ለአክስት ወደ ደሴ ወይም ወደ ወልድያ ማካፈል ነው። ችግር ያመጣው ነውና አልፈርድም። ከተቻለ ግን ቢያንስ አርባው እስኪያልፍ እዚያው ይቆይ፤ ወንድምና እህት አይለያዩ። ማስቀረት ካልተቻለ ይህን አድርጉ፦ ከመሄዱ ቀናት በፊት ንገሩት፤ የሚያጅበው የሚያውቀው ሰው ይሁን፤ የሟቿን ልብስ ወይም ፎቶግራፍ ይያዝ፤ ከወንድሙ ጋር የሚደዋወልበት ቀን ቁርጥ ይሁን፤ «ለጥቂት ቀን ነው» ብላችሁ አትዋሹት።

*ዕቃውን ሁሉ አታጥፉ።* ልብሷ ለሰደቃ ወይም ለምጽዋት ከመሰጠቱ በፊት ልጁ አንድ ነገር ይምረጥ። ሻሽ ቢመርጥ ሻሽ፣ የቡና ስኒዋን ቢመርጥ ስኒውን። ፎቶግራፏን ከግድግዳ አታውርዱ፤ ስሟን በቤት ውስጥ ጥሩ።

ደረጃ 5፦ «አረብ አገር ሄዷል» ተብሎ ከሆነ

በየወረዳው ወደ ሳዑዲ ወይም ወደ ቤሩት የሄደ ሰው ያለው ቤተሰብ ስለበዛ ይህች ውሸት በቀላሉ ትያዛለች። ልጁ ያምናል፤ መጠበቅ ይጀምራል። ለምን እንደማይደውልለት ይጠይቃል። ለጎረቤቱ ልጅ ብስክሌት ሲላክለት ለእርሱ ያልተላከው አባቱ ስላልወደደው ይመስለዋል። ሞት የነጠቀው ልጅ በሕይወት ያለ አባት የጣለው ይሆናል፤ ይህ ከሐዘኑ የባሰ ነው። ዓመትም ቢያልፍ አርሙት። «ሲያድግ ይረዳዋል» የሚለውን ተዉት፤ ሲያድግ የሚነግሩት የሰፈር ልጆች በጠብ መካከል ናቸው።

አካሄዱ እንዲህ ነው፦

1. ውሸቱን የተናገረው ሰው ራሱ ይገኝ። ሌላ ሰው ቢናገር ልጁ ማንን እንደሚያምን አያውቅም።

2. ልጁ የሚያውቀውን ጠይቁ። «አባባ የት ነው ብለህ ታስባለህ?» ብዙ ልጆች ግማሹን ያውቃሉ፤ እናንተን ላለማሳዘን ዝም ብለዋል።

3. ውሸቱን በስሙ ጥሩት። «አባባ አረብ አገር ነው ብዬህ ነበር። እውነት አይደለም። እንዳታዝን ብዬ ነው፤ ግን ልክ አልነበረም።» ሰበብ አታብዙ።

4. ከዚያ ደረጃ 2ን ከቁጥር 3 ጀምራችሁ ፈጽሙ። በመጨረሻ ይህን ጨምሩ፦ «ያልደወለልህ ስላልወደደህ አይደለም። ስለሞተ ነው።»

5. ለቅሶ ፍቀዱለት። ለእርሱ መርዶው ዛሬ ነው። ቡና አፍልታችሁ ሁለት ሦስት የቅርብ ዘመድ ጥሩ፤ «እግዚአብሔር ያጽናህ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» ይበሉት። መቃብሩን አሳዩት።

6. ቁጣውን ቻሉ። ለሳምንታት ላያምናችሁ ይችላል፤ ስለ ተራ ነገር «አሁንም ትዋሻለህ?» ይላችኋል። በዚህ ወቅት ትንሽ ቃል እንኳ አታጥፉ፤ «በአምስት ሰዓት እመጣለሁ» ካላችሁ በአምስት ሰዓት ተገኙ።

ሰውየው በእርግጥ በስደት ላይ ሞቶ አስከሬኑ ሳይመጣ ከቀረ፣ መቃብር የሌለው ሐዘን ለልጅ ይከብዳል። የሞተበትን አገር በካርታ አሳዩት፤ አስከሬኑ ለምን እንዳልመጣ ንገሩት፤ ፎቶግራፉን አስቀምጣችሁ ከልጁ ጋር ዱዓ ወይም ጸሎት አድርጉ። የተገደለ ሰው ከሆነ «ሰው በጥይት መታው፤ ሞተ» በሉ፤ አሟሟቱን አትዘርዝሩ፤ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ከስልክ ላይ እንዳያይ ጠብቁ። ማን ነው የገደለው ብሎ ከጠየቀ የምታውቁትን ንገሩት፤ ልጁ የሚወርሰው ጠላት ግን አትስጡት። ራሱን ያጠፋ ሰው ከሆነ ደግሞ «አእምሮው በጣም ታሞ ነበር፤ ሕመሙ ራሱን እንዲጎዳ አደረገው» የሚለው በቂ ነው።

ደረጃ 6፦ አርባ፣ ሰደቃ፣ ሙት ዓመት

ከቀኑ በፊት በነበረው ሳምንት ለልጁ ንገሩት፤ በድጋሚ ሰው ሲሰበሰብና ሲለቀስ ሌላ ሰው የሞተ ይመስለዋል። የሚሠራው ሥራ ስጡት፤ ዳቦ ያድል፣ ምንጣፍ ያንጥፍ፣ ስለ አባቱ የሚያስታውሰውን አንድ ነገር ይናገር። ከከል መውጫው ቀን እናቱ ነጭ ስትለብስ «አባባን ረሳነው ማለት አይደለም» በሉት። በዓል ሲደርስም እንዲሁ፤ ዒድ ወይም ገና ከመድረሱ በፊት «ዘንድሮ አባባ የለም፤ በጉን አጎትህ ያርዳል» ማለት ልጁ ለብቻው ከሚደነግጥ ይሻላል።

ወደ ጤና ባለሙያ የሚያስኬዱ ምልክቶች

እነዚህን ካያችሁ ጊዜ አትስጡ፦

ልጁ «እኔም ልሙት»፣ «አባባ ጋ ልሂድ» ሲል። ትንሽ ልጅ ናፍቆ ብቻ ሊለው ይችላል፤ «እንዴት ትሄዳለህ?» ብላችሁ በእርጋታ ጠይቁ። መንገድ ካሰበ፣ ወይም ራሱን መጉዳት ከጀመረ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ገመድ፣ መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ከእጁ አርቁ።

ለቀናት ምግብ እምቢ ሲል ወይም ውኃ አልጠጣ ሲል፤ መናገር ሙሉ በሙሉ ሲያቆም።

ናፍቆቱና ድንጋጤው ከ6 ወር በኋላም በየቀኑ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ሆኖ ትምህርቱን፣ ጨዋታውንና እንቅልፉን ሲያቋርጥ።

ሞቱን በዓይኑ ያየ ልጅ በቅዠት እየጮኸ ሲነሣ፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ሲደበቅ፣ ያን ቦታ ማለፍ ሲያቅተው።

መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ በገጠር ከሆናችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሪፈር እንድታስይዝላችሁ ጠይቁ። ደሴ ኮምፕረሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (የቀድሞው ደሴ ሪፈራል) የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። ጸበልም ሆነ ዱዓ ብታስደርጉ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሁን፤ ልጁን «ዛር ይዞታል» የሚል ሰው እጅ ላይ እንዳትጥሉት፣ እንዳይገረፍ፣ እንዳይታሰር ተጠንቀቁ። ስትሄዱ ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፦ ማን ሞተ፣ መቼ፣ ልጁ ሞቱን አይቷል ወይ፣ ምን ተነገረው፣ ምልክቱ መቼ ጀመረ፣ በሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣል። ልጁ እየሰማ «ይህ ልጅ አበደብን» ብላችሁ አትግቡ። ባለሙያውን መጀመሪያ ለብቻችሁ አነጋግሩ፤ ልጁ ከጠባቂው ጋር ውጭ ይጠብቅ።